አፋን ኦሮሞን በዜማ፣ በተረትና በመሠረታዊ ሰዋስው መማር፦ ለአዳማ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

አዳማ ውስጥ አማርኛ ብቻ እየተናገረ ያደገ ሰው አፋን ኦሮሞን ከባዶ አይጀምርም። ገበያ ሲወጣ፣ ባጃጅ ሲሳፈር፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና ሲጠጣ ቋንቋው በጆሮው ሲያልፍ ኖሯል፤ «አካም»፣ «ነጋ»፣ «ጋሪ» የሚሉትን ቃላት ማንም ሳያስተምረው ያውቃቸዋል። የሚጎድለው እነዚህን የተበታተኑ ቃላት አያይዞ ዐረፍተ ነገር የሚሠራበት ማሰሪያ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በአገሪቱ ብዙ የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን ድርሻውም 33.8 በመቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰፊ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ እየኖሩ ከሰላምታ አለማለፍ ብዙ ነገር ያሳጣል፤ ደግሞም ሊቃለል የሚችል ችግር ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው የቃላት ዝርዝር በማጥናት ነው። ይህን መንገድ አልመክርም። አንድ ሰው አምስት መቶ ቃል ሸምድዶም ሰሚዎቹ ሊረዱት የሚቸገሩት ሁለት ነገሮች ስላልተስተካከሉለት ነው፤ አንደኛው የአናባቢ ርዝመት፣ ሁለተኛው የባለቤትና የተሳቢ ምልክት ነው። የመጀመሪያውን ዜማ ያስተምራል፤ ሁለተኛውን ተረት ያስተምራል። የሰዋስው ደንብ የሚያስፈልገው ዜማውና ተረቱ ጥያቄ ካስነሡ በኋላ፣ ለዚያ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው።

ጆሮን ማስለመድ

አማርኛ አናባቢን በማስረዘም ትርጉም አይለውጥም፤ ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ርዝመትን እንደ ስሜት መግለጫ እንጂ እንደ ቃል ክፍል አይሰማም። በአፋን ኦሮሞ ግን አምስቱ አናባቢዎች እያንዳንዳቸው አጭርና ረዥም ሆነው ይመጣሉ፤ ርዝመቱ ሲለወጥም ቃሉ ሌላ ይሆናል። «ለፋ» በሁለት አጫጭር አናባቢዎች ሲነገር መሬት ማለት ነው፤ «ላፋ» ሁለቱም አናባቢዎቹ ተስበው ሲነገሩ ለስላሳ ወይም ደካማ ማለት ይሆናል። የመጀመሪያውን አናባቢ ስበን ሁለተኛውን ቆርጠን «ባላ» ብንል ቅጠል ነው፤ የመጀመሪያውን አሳጥረን የመጨረሻውን ብንስብ ደግሞ መቅሠፍት ወይም አደጋ ይሆናል። መጥበቅና መላላት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «በዳ» ላልቶ የተበላሸ፣ ጠብቆ ደግሞ ደጋ እንደሚሆን ሲነገረው የአማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ይለየዋል። ስለዚህ ጉልበቱን ሁሉ በርዝመት ላይ ቢያውል ይሻላል።

ከድምፆች ውስጥ ልዩ ልምምድ የሚጠይቀው «ዽ» ነው። በእኛ ፊደል ምልክት ተበጅቶለታል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን እንደ «ድ» ወይም እንደ «ጥ» እናነበዋለን። ትክክለኛው አነጋገር የምላስን ጫፍ ወደ ኋላ ቀልበስ አድርጎ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ባለው ድድ ላይ አሳርፎ፣ አየሩን ወደ ውጭ ከመግፋት ይልቅ ወደ ውስጥ እንደመሳብ ብሎ መልቀቅ ነው። «ዹፌ» (መጣ)፣ «ዹጋ» (እውነት) እና «ጄዼ» (አለ) የሚሉትን ሦስት ቃላት ተናጋሪ ፊት ሆኖ ደጋግሞ መለማመድ ይበቃል፤ ሦስቱም በየንግግሩ ስለሚመጡ ልምምዱ አይባክንም። «ሁዻ» የሚባለው የጉሮሮ መግታት ደግሞ እንደ «ሀርአ» (ዛሬ) እና «ጀአ» (ስድስት) ባሉ ቃላት መካከል ይሰማል፤ እርሱን ሳይገቱ ማለፍ ቃሉን ያበላሻል።

ጽሕፈቱን በሚመለከት፣ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ላይ በተመሠረተው «ቁቤ» እንዲጻፍ የተወሰነው በ1984 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝኛ የለመደ አንባቢ ጥቂት ነገሮችን ካስተካከለ ቁቤን በአጭር ጊዜ ያነባል። ሲ ብቻዋን ስትቆም «ጭ»፣ ከኤች ጋር ስትሆን «ች» ናት፤ ኤክስ «ጥ»፣ ኪው «ቅ»፣ ፒና ኤች አንድ ላይ «ጵ»፣ ኤንና ዋይ አንድ ላይ «ኝ»፣ ዲና ኤች አንድ ላይ «ዽ» ናቸው። ረዥም አናባቢ ፊደሉ ተደግሞ፣ የሚጠብቅ ድምፅም እንዲሁ ተደግሞ ይጻፋል። የቁቤ ትልቅ ጥቅም ይህ ነው፤ በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ የምንሰውረውን ርዝመት ዓይናችን ፊት ያመጣዋል። ስለዚህ ማስታወሻ ስትይዙ ቃሉን ለራሳችሁ በግዕዝ ፊደል ብትጽፉም እንኳ አጠገቡ የቁቤውን አጻጻፍ ከመጻፍ አትቦዝኑ።

በዜማ መማር

የመጀመሪያውን ዜማ ስትመርጡ ስለ ዝናው ሳይሆን ስለ አዝማቹ አስቡ። አጭር አዝማች ያለው፣ ቃላቱ የሚደጋገሙና ዘፋኙ ያልተጣደፈበት መሆን አለበት። ለዚህ የሕፃናት ዜማዎች ተወዳዳሪ የላቸውም፤ እኛ «እሹሩሩ» እያልን ልጅ እንደምናባብለው ሁሉ በአፋን ኦሮሞም «አሹሩሩ» እየተባለ ይዘመራል፤ እናቶችም በዚያ ዜማ ውስጥ የሚያስገቧቸው ቃላት የቤት፣ የወተት፣ የእንቅልፍና የእናት ቃላት ናቸው። የእሬቻ ዝማሬዎችም ጥሩ መነሻ ናቸው፤ «ማሬዎ» እያለ አንዱ ሲያወጣ ሕዝቡ ስለሚቀበል ተማሪው ተቀባይ ሆኖ በመቶ ሰው ድምፅ መካከል ያለ ፍርሃት አፉን ማላቀቅ ይችላል። በዓሉ በየዓመቱ በመስቀል ማግስት ባሉት ቀናት በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በድምቀት ይከበራል፤ ከአዳማ ደግሞ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት።

ከዘመናዊዎቹ ድምፃውያን መካከል ለተማሪ የምመርጠው አሊ ቢራን ነው። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድንን ተቀላቅሎ፣ ስድሳ ዓመት ያህል ከዘፈነ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እዚሁ አዳማ ውስጥ አርፏል። «ቢራ» የሚለው ስም የወጣለት በልጅነቱ ከዘፈነው «ቢራ ዻ በሪኤ» ከተባለው ዘፈን ነው። የዚህን ርዕስ ትርጉም ብቻ ብናይ እንኳ ትምህርት አለው፤ «ቢራ» ከክረምት በኋላ የሚመጣው የመስከረም ወቅት ነው፣ «በሪኤ» ደግሞ ነጋ ወይም ጠባ ማለት ነው። በ«በሪኤ» ውስጥ ከ«ሪ» በኋላ ሁዻው ይሰማል፤ በመጨረሻው የሚሰማው «ኤ» ደግሞ ነገሩ ያለፈና የተፈጸመ መሆኑን ያመለክታል። ይህን መጨረሻ ከዜማው ጋር በጆሮው የያዘ ሰው በኋላ የግስ ሠንጠረዥ ሲገጥመው አዲስ አይሆንበትም።

አንዱን ዜማ እንዴት መሥራት እንደሚገባ በዝርዝር ልናገር፤ ፍሬው የሚገኘው እዚህ ላይ ነውና። በመጀመሪያ ግጥሙን ሳትፈልጉ ዜማውን ለብዙ ቀን እንዲሁ ስሙት። ቀጥሎ አዝማቹን ብቻ የሰማችሁትን ያህል በግዕዝ ፊደል ጻፉት፤ ስሕተት ቢበዛበትም ግድ የለም። ከዚያ እንደገና እያዳመጣችሁ የተሳቡትን አናባቢዎች በሥራቸው እያሰመራችሁ ሂዱ። አሁን ወረቀቱን ይዛችሁ ቋንቋውን ወደሚናገር ሰው ቅረቡና መስመሮቹን እንዲዘፍንላችሁ ሳይሆን እንዲናገርላችሁ ጠይቁት። ይህ ነጥብ ሊዘለል አይገባም፤ ዜማ ረዥሙን አናባቢ በአብዛኛው ረዥም አድርጎ ቢያቆየውም፣ ቅኝቱ ሲያስገድደው አጭሩንም ስለሚስበው በንግግር ሳይፈተሽ የተያዘ ርዝመት ሊያሳስት ይችላል። ያሰመራችሁበትንና እርሱ የተናገረውን አስተያይታችሁ ካረማችሁ በኋላ መስመሮቹን በቁቤ ገልብጡ። በመጨረሻም አንዱን ግስ ብቻ ወስዳችሁ «እርሱ» ያለውን «እኛ»፣ «ሄደ» ያለውን «አልሄደም» እያደረጋችሁ በዚያው ዜማ ዝፈኑት።

«ጌረርሳ» የሚባለው የጀግንነትና የሕይወት ታሪክ ዝማሬ እጅግ የበለጸገ ቅርስ ነው፤ ሆኖም በምሳሌያዊ አነጋገር የተሞላ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም። እርሱን ለኋላ አቆዩት።

በተረት መማር

የአፋን ኦሮሞ ተረቶችን ለቋንቋ ትምህርት ማዋል የቆየ ሐሳብ ነው። ከባርነት ነፃ ወጥታ በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረችው አስቴር ጋኖ፣ ከልጅነቷ ታስታውሳቸው ከነበሩት ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዜማዎች 500 ያህሉን በጽሑፍ አስፍራለች። ከእነዚህም አያሌዎቹ እርሷና የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ባዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1894 በእምኩሉ በታተመው የንባብ ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአፋን ኦሮሞ ሲታተምም የአስቴር የቃላት ሥራ ለትርጉሙ ትልቅ ድጋፍ ነበር። ማንበብን በአያቶች ተረት ማስተማር ይሻላል ብለው የመረጡት እነዚህ ሰዎች ቋንቋውን ከማንም በላይ የሚያውቁት ነበሩ፤ ምርጫቸውን ማክበር ይገባናል።

ተረት በአፋን ኦሮሞ «ኦዱ ዱሪ» ይባላል። ለተማሪ የሚጠቅመው ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ስለሆኑ፣ ግሱ በአብዛኛው ኃላፊ ጊዜ ስለሆነና ያው ባለታሪክ አንድ ጊዜ አድራጊ፣ ሌላ ጊዜ ተደራጊ እየሆነ ስለሚመላለስ ነው። ለልምምድ ያህል አራት ዐረፍተ ነገር ብቻ ያላት አንዲት የጅብና የአህያ ጨዋታ እንውሰድ።

«ወራቤሲ ቶኮ ቱሬ። ጋፍ ቶኮ ሀሬ አርጌ። ሀሬን ‹ነ ሂን ኛቲን› ጄቴ። ወራቤሲ ሂን ኛኔ።»

ትርጉሙ፦ አንድ ጅብ ነበረ። አንድ ቀን አህያ አየ። አህያዋ «አትብላኝ» አለች። ጅቡ አልበላም።

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አህያዋ «ሀሬ» ናት፣ በሦስተኛው ደግሞ «ሀሬን»። የአማርኛ ተናጋሪ በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ «ን» የተሳቢ ምልክት ናት፤ «አህያን» ስንል የሆነ ነገር የተደረገባትን ማለታችን ነው። በአፋን ኦሮሞ ግን ተሳቢው ምንም ምልክት ሳይጨመርበት ይቀመጣል፣ ምልክቱን የሚይዘው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ «ሀሬን» ማለት ተናጋሪዋ አህያ ናት ማለት ነው። «ቶላን ጫልቱ አርጌ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የሰማ የአማርኛ ጆሮ ጫልቱ ቶላን ያየችው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ቶላ ጫልቱን ማየቱ ነው፣ ግሱም «አርጌ» እንጂ «አርጊቴ» አለመሆኑ ይህንኑ ያረጋግጣል። የባለቤቱ ምልክት በረዥም አናባቢ ከሚያልቅ ስም ጋር «ን» ሲሆን፣ በአጭር አናባቢ የሚያልቁት ግን መጨረሻቸውን ጥለው ሌላ ይይዛሉ፤ «ወራቤሳ» የነበረው «ወራቤሲ»፣ «ነማ» (ሰው) የነበረው «ነምኒ»፣ «ለፋ» የነበረውም «ለፍቲ» ይሆናል። እነዚህን በደንብ መልክ ከመሸምደድ ይልቅ በየተረቱ ባለቤቱን በአንድ ቀለም፣ ተሳቢውን በሌላ ቀለም እያቀለሙ ማንበብ ጆሮን በፍጥነት ይገራል።

ከዚሁ ጨዋታ ሌሎች ሁለት ነገሮች እንማራለን። «አለ» ለማለት «ጄዼ» ይባላል፤ «አለች» ሲሆን ግን የሴቷ ምልክት «ት» መጥታ ከ«ዽ» ጋር ስትጋጠም ሁለቱ ወደ አንድ ጠባቂ «ት» ይለወጡና «ጄቴ» ይሆናል። «ኛኔ» ደግሞ መብላት ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን «ት»ዋ ከተከታይዋ «ን» ጋር ተዋሕዳ ጠፍታለች። ቃሉን በመዝገብ የሚፈልግ ጀማሪ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የድምፆቹን መዋዋጥ ያወቀ ግን ሥሩን ራሱ ያገኘዋል።

ተረት ለማሰባሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በግቢያችሁ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች፣ ወንዱን «ኦቦ» ሴቷን «ኣዴ» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነም በስልካችሁ ቅረጹ። ልጆችም መልካም አስተማሪዎች ናቸው፤ «ሂቦ» እያሉ የሚጠያየቁት እንቆቅልሽ ከእኛው እንቆቅልሽ ጋር የሚመሳሰል ጨዋታ ስለሆነ ሳትግደረደሩ ግቡበት። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ምንባቦችም ለዚህ ደረጃ ይስማማሉ።

ምሳሌያዊ አነጋገርም የተረት ታናሽ ወንድም ነው፤ አንዱን በደንብ መፍታት ብዙ ገጽ ሰዋስው ያህላል። «አባን ኢየቱ መሌ ኦላን ነማ ሂን ቢርመቱ» ይባላል፤ ባለቤቱ ራሱ ካልጮኸ ጎረቤት አይደርስለትም ማለት ነው። «አባን» እና «ኦላን» ሁለቱም በ«ን» ማለቃቸው የየሐረጋቸው ባለቤት መሆናቸውን ያሳያል፤ «መሌ» «በስተቀር» ወይም «ካልሆነ» የሚለውን ይይዛል፤ «ሂን ቢርመቱ» ደግሞ የአሉታው ሁለት ክፍሎች፣ ከፊት «ሂን» ከኋላ «ኡ»፣ አብረው እንዴት እንደሚመጡ ያሳያል።

የሰዋስው መሠረት

ዋናው የምሥራች የዐረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ከአማርኛ ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ተሳቢው ይከተላል፣ ግሱ ይዘጋል። የሚገለበጠው የስምና የቅጽል ቦታ ነው። እኛ «ትልቅ ቤት» ስንል በአፋን ኦሮሞ «መና ጉዳ» ይባላል፤ ቤቱ ቀድሞ ትልቅነቱ ይከተላል። «ስሜ» ለማለትም «መቃን ኮ» ነው፤ ስለዚህ ራስን ሲያስተዋውቁ «መቃን ኮ አልማዝ ጄዸማ» (ስሜ አልማዝ ይባላል) ይባላል።

ለኃላፊ ጊዜ መሄድ የሚለውን ግስ እንያዝ። እኔ «ዴሜ»፣ አንተም አንቺም «ዴምቴ»፣ እርሱ «ዴሜ»፣ እርሷ «ዴምቴ»፣ እኛ «ዴምኔ»፣ እናንተ «ዴምተን»፣ እነርሱ «ዴመን»። እኔና እርሱ፣ አንተና እርሷ አንድ ዓይነት መልክ እንዳላቸው ልብ በሉ፤ መለያው ተውላጠ ስሙ ነው፦ «አኒ»፣ «አቲ»፣ «ኢኒ»፣ «ኢሼን»፣ «ኑቲ» ወይም «ኑይ»፣ «ኢሲን»፣ «ኢሳን»። ለአሁንና ለወደፊት ጊዜ ደግሞ በዚያው ቅደም ተከተል «ዴማ፣ ዴምታ፣ ዴማ፣ ዴምቲ፣ ዴምና፣ ዴምቱ፣ ዴሙ» ይባላል። የኃላፊው አሉታ ለተማሪ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኛ «አልሄድኩም፣ አልሄደም፣ አልሄድንም» እያልን ስምንት መልክ ስንለዋውጥ፣ በአፋን ኦሮሞ ለሁሉም «ሂን ዴምኔ» ብቻ ይበቃል።

የግስ እርባታን የሚያሰፋው ሌላው ነገር ከሥሩ በኋላ የሚገቡት ክፍሎች ናቸው። «በረታ» ተማሪ ሲሆን «በርሲሳ» አስተማሪ ነው፤ መካከል የገባው የ«ስ» ድምፅ የእኛን «አስ-» ይመስላል። በአማርኛ የምንጠቀምበት «ጉዲፈቻ» እንኳ የዚህ አሠራር ውጤት ነው፤ «ጉዲሱ» ማሳደግ ሲሆን «ጉዲፈቹ» ለራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው።

አክብሮትን ገና ከጅምሩ መልመድ ያስፈልጋል። ለታላቅ ሰው የሚነገረው በብዙ ቁጥር ነው፤ «ኢሲን» እናንተም እርስዎም ይሆናል። ስለዚህ ለእኩያ «አካም ቡልቴ» (እንዴት አደርክ) ቢባል ለአዛውንት «አካም ቡልተን» ነው የሚባለው፤ ለእኩያ «ገለቶሚ» ብለን የምናመሰግነውን ለታላቅ «ገለቶማ» እንላለን። አንተ ብሎ ለምዶ በኋላ ማረም ከባድ ስለሆነ የምትሰበስቧቸውን ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ በሁለቱም መልክ ጻፏቸው።

የተማሩትን ገበያ ላይ መሞከር

ቁጥሮቹን ከአንድ እስከ ዐሥር (ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን፣ ጀአ፣ ቶርባ፣ ሰዴት፣ ሰገል፣ ኩዸን) በዜማ ከያዛችሁ በኋላ ገበያ ውጡ። «ኩን ሜቃ?» ይህ ስንት ነው ማለት ነው። ዋጋው ከበዛ «ቃሊ ዻ»፣ ውድ ነው፤ ለወጣት ሻጭ «ናፍ ሂርኢሲ»፣ ለእናቶች «ናፍ ሂርኢሳ»፣ ቀንሱልኝ። በ«ሂርኢሲ» መካከል ያለውን ሁዻ በትክክል ስታወጡት ሻጯ በአፋን ኦሮሞ ትቀጥላለች፤ ያን ጊዜ መልሷን ለመስማት ጆሯችሁ መዘጋጀት አለበት። ለዚህም ዋና መሥሪያ ቤቱ አዳማ የሆነው የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ በየቀኑ የሚያሰራጨውን ማዳመጥ ይጠቅማል፤ ጀማሪ ግን ከዜናው ይልቅ ቃለ መጠይቁንና የመዝናኛውን ዝግጅት ቢያስቀድም ይሻለዋል፣ ሰው በቤቱ እንደሚናገረው የሚናገርበት እዚያ ነውና።

አዳማ የቱለማና የአርሲ አነጋገር የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ስለዚህ ያው ቃል ከሁለት ሰው አፍ በሁለት መልክ ቢሰማ አትደናገጡ፤ አንዱንም ስሕተት አትበሉ። ቢቻል አንድ ዋና አስተማሪ ይዛችሁ የእርሱን አነጋገር መሠረት አድርጉ፤ ከሌሎች የሰማችሁትን ልዩነትም ከማን እንደሰማችሁት ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንቅፋት ግን የአነጋገር ልዩነት አይደለም። የአዳማ ሰው ደግ ስለሆነ፣ አነጋገራችሁ እንግዳ መሆኑን እንደሰማ ሊያቀልላችሁ ብሎ ወደ አማርኛ ይዞራል። ያን ጊዜ እናንተም አብራችሁ አትዙሩ፤ «አፋን ኦሮሞ በረቻን ጅራ» (አፋን ኦሮሞ እየተማርኩ ነው) በሉት፣ ከፈጠነባችሁ «ሱታ ዱበዻ» (ቀስ ብለው ይናገሩ)፣ ካመለጣችሁ ደግሞ «ኢራ ዴቢኣ» (ይድገሙልኝ) ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ከማንኛውም የቃላት ዝርዝር በፊት በቃላችሁ ያዙ።